«ምን ይጠና?» ብለን ስኳር ያለባቸውን ስንጠይቅ

በስኳር በሽታ ላይ ምን ጥናት ይሠራ የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ስኳር የሌለበት ሰው ነው። ተማሪው ርዕስ ያወጣል፣ አማካሪው ያጸድቃል፣ ታካሚው መጠይቅ ይሞላል፤ በቃ። እኛ አዳማ ላይ ነገሩን ገልብጠን ለመሥራት ተነሣን። ርዕሱን የሚመርጡት በክትትል ላይ ያሉት አዋቂዎች ራሳቸው እንዲሆኑ ማለት ነው። እኔ አስተባባሪ ነበርኩ፤ ተመሳሳይ ሥራ ላሰበ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

መነሻችን ጄምስ ሊንድ አሊያንስ የተባለው የእንግሊዞች አሠራር ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታካሚ፣ አስታማሚና ሐኪም እኩል ተቀምጠው ጥያቄ ይሰበስባሉ፣ ጥናት የመለሰውን ያወጣሉ፣ የቀረውን ደረጃ ሰጥተው አሥር ይመርጣሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ለዓይነት ሁለት ስኳር ባወጡት ዝርዝር አንደኛ የሆነው «ይድናል ወይ? ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ?» የሚለው ነው። እሱ እኛም ጋ መጣ። ሌላው ግን የራሳችን ነው።

መጠይቅ በትነን አልሰበሰብንም፤ ማንበብ የማይችሉት ብዙ ናቸው። በቀጠሮ ቀን ወረፋ ሲጠብቁ ሲስተሮቹ አንድ በአንድ እያናገሩ የሰሙትን እንዳለ ጻፉ፤ በኦሮምኛ የተነገረውን በኦሮምኛ። እንዳለ መጻፉ ላይ ድርድር አያስፈልግም። አንዲት እናት «ስኳሬ በወጣ ቁጥር ምን በልተሽ ነው ብለው የሚቆጡኝ ለምንድነው? ያገኘሁትን ነዋ የምበላው» አሉ። ይኸው ነገር ቢሮ ሲገባ «የአመጋገብ ምክር አተገባበር ተግዳሮቶች» ሆኖ ቁጭ አለ። ቁጣውም ድህነቱም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ የጥናት ጥያቄ ሥር የመነጨበት ንግግር ሳይነካ እንዲለጠፍ ተስማማን።

በቡድን የማይወጣ ነገር አለ። ወንዶቹ ስለ ወንድነታቸው መድከም በጉባኤ አይናገሩም፤ የሰማነው ለብቻ ባወራናቸው ጊዜ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ወጣት ሴቶችም ከእጮኛ መደበቅን ያነሡት እርስ በርሳቸው ሲቀመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ዶክተሮቹን ከታካሚዎቹ ጋር ያቀላቀልነው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም ያለ ነጭ ጋውን። ጋውን ባለበት «ዶክተር ያሉት ልክ ነው» ከሚለው በላይ አይሰማም።

ስብሰባውን ጠዋት የሚያደርግ ሰው ደግሞ ያስብበት። ለምርመራ ደም ሊሰጥ በባዶ ሆዱ የመጣ ሰው ቁርስ ሳይበላ አዳራሽ ቢቀመጥ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። እኛ መጀመሪያ አበላን። ብስኩትና ለስላሳ የተለመደ የስብሰባ መስተንግዶ ነው፤ ለዚህ ስብሰባ ግን ያሳፍራል። ዳቦ፣ ቆሎና ስኳር የሌለው ሻይ አዘዝን፤ የሻዩን ስኳር የደም ስኳሩ ለወረደበት ሰው አስቀመጥነው። የውሎ አበሉ ለሐኪሙም ለታካሚውም አንድ ዓይነት ነበር። ይህ ያስኮረፋቸው ነበሩ፤ ይኮርፉ።

ድምፅ የሰጠነው በሽምብራ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ በሥዕል ካርድ ሆኖ ክዳኑ በተበሳ ጣሳ ላይ ተለጠፈ፤ ሰው ሁሉ እኩል ፍሬ ይዞ መጋረጃ ጀርባ እየገባ ይጨምራል። ክዳኑ የግድ ነው፤ አለዚያ ሁሉም የአባባን ጣሳ እያየ ይከተላል። የታደለው የተቆላ ሽምብራ ስለነበር አንድ ጋሼ ከድምፃቸው ከፊሉን በልተውታል።

የተመለሰውን ማውጣት የሚለው ደረጃ ላይ ግን ከእንግሊዞቹ ተለየን። ከገጠር የሚመጡት ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ «ፍሪጅ የለኝም፤ ኢንሱሊኔ ይበላሽ ይሆን?» ነው። አንዷ ብልቃጡን በላስቲክ ቋጥረው ውኃ ባለው እንስራ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ማሸጊያው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይላል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ግን በኬንያው ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ለክተው፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደያዘ በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ለወራት የሚቀመጠው ትርፍ ብልቃጥ አሁንም ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በሥራ ላይ ያለው ግን ተስፋ አለው። በደንቡ መሠረት ጥያቄው «ተመልሷል» ተብሎ ይወጣል። ለማን ነው የተመለሰው? እናትየው አልሰሙም፤ የሚያክሟቸውም ሁሉ አልሰሙም። ስለዚህ «መልስ አለው፣ አልደረሰም» የሚል ሁለተኛ ዝርዝር ከፈትንና ለፋርማሲስቶቹና ለሲስተሮቹ አስረከብን። ከአሥሩ ይልቅ ይኼኛው ዝርዝር ሰው የጠቀመ ይመስለኛል።

ጾም ሌላው ነው። ለረመዳን ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ያወጣው መመሪያ አለ። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ኦርቶዶክስ፣ ምሽት ላይ በልቶ ጠዋት የሚወጋውን ኢንሱሊን ምን ያድርገው ለሚለው ግን ከዚያ መመሪያ ጋር የሚስተካከል ነገር ፈልገን አላገኘንም። ያለ ክርክር ከአሥሩ ገባ።

የተሟገትነው በስትሪፕ፣ ማለትም የደም ስኳር በሚለካበት ወረቀት ዋጋ ነው። በሽምብራ አንደኛ ወጣ፤ ተመራማሪዎቹ «ይህ የበጀት እንጂ የጥናት ጥያቄ አይደለም» ብለው ሊጥሉት ሲሉ ታካሚዎቹ አልለቅም አሉ። ነገሩን የፈቱት ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «በሳምንት ስንት ጊዜ ብለካ ይበቃኛል? የምትበቃዋን ንገሩኝና ያችን ልግዛ» አሉ። አንዱ ዶክተር ወዲያው ብዕሩን አነሣ። አቅም ለሌለው፣ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ደኅንነቱን ሳይጎዳ ትንሹ የመለካት ብዛት ስንት ነው? ከዚህ የጠራ የጥናት ጥያቄ እኔ አላየሁም።

ፕሮፖዛሉ አሁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጋ ነው። ሽማግሌው በጥናት ቡድኑ ውስጥ በአባልነት ገብተዋል፤ የውሎ አበላቸውም በጀቱ ላይ ከተመራማሪዎቹ እኩል ተይዟል።