ባዝራዋን ይዞ ከቨርጂኒያ ውርጭ ወደ ኦካላ አሸዋ

በአገራችን ደገኛ ፈረሱን ቆላ ማውረድ ይፈራል፤ ትንኝ የሚያዛምተው በሽታ ይፈጀዋልና ለቆላ መንገድ በቅሎና አህያ ይመረጣሉ። አሜሪካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጥር ሲገባ የቨርጂኒያዋ ሚድልበርግ መሬት በውርጭ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር፣ ስልጠናው እንዳይቋረጥ የሚፈልግ ፈረሱን ወደ ፍሎሪዳ ያወርዳል። የኛም ዳማ ባዝራ ወደ ኦካላ ወረደች፤ ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሁለት ቀን።

ከመነሳታችን 10 ቀን በፊት ጠጉሯን ሸለትናት። የብርድ ጠጉሯን ይዛ ብትሄድ ከሩጫ በኋላ ላቧ ቶሎ አይደርቅም። ለበረዶ ተብሎ ጫማዋ ላይ የተተከለውን ሹል ብረት አስነቀልን፤ ተጎታች ውስጥ የገዛ እግሯን ትወጋበታለች። ቢንቢ የሚያስተላልፈውን የአንጎል ብግነት ክትባትም ሦስት ሳምንት ቀድማ ወስዳለች፤ ፍሎሪዳ ቢንቢ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ውሃዋ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ጥቂት የፖም ጭማቂ ስንጨምር ቆየን። ፈረስ የማያውቀውን ውሃ አሽትቶ ይተዋል፤ ጭማቂው ግን የትም ቦታ ያንኑ ጣዕም ይሰጠዋል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሳን። የተጎታቹን መሃል ማገጃ አውጥቼ ሙሉውን ስፋት ለእሷ ለቀቅሁላት፤ ገመዷንም አላልቼ አሰርኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራሱ ከፍ ብሎ የታሰረ ፈረስ የሳንባውን ቆሻሻ ማውጣት አይችልም፤ የድርቆሹ ብናኝና ጀርሙ ወደ ታች ይወርድና ሳንባው ይታመማል። ስለዚህ ድርቆሹን ነክሬ ሰጠኋት፣ መስኮቱን በብርዱም አልዘጋሁም፣ ከባድ ልብስም አልደረብኩላት። በየሦስት ሰዓቱ ቆመን፣ ከተጎታቹ ሳናወርዳት ገመዷን ፈትተን ድርቆሹን እግሯ ሥር እናስቀምጣለን። አንገቷን ዘርግታ ስታጎነብስ መጀመሪያ ታንኳርፋለች፤ ቀጥሎ ከሁለቱም አፍንጫዋ ቀጭን ንጹሕ ንፍጥ እየተዝለገለገ ይወርዳል። 20 ደቂቃ እንዲህ መቆየቷ ቶሎ ከመድረስ ይበልጥብኛል። እሷ ስትበላ እኔ የጎማዎቹን መሃል በእጄ እዳስሳለሁ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ካቃጠለ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው።

ሰሜን ካሮላይናን ጥድ ብቻ እያየን አለፍናት።

ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ፍሎረንስ አካባቢ የተከራየነው ጋጣ አናደደኝ። በስልክ 45 ዶላር ተባብለን ስንደርስ ለሰጋቱራው ሌላ 25 ጠየቁ፤ የተጎዘጎዘው ደግሞ ስስና አቧራማ ነበር። የሚያሳስለውን ጉዝጓዝ ከፍሎ መግዛት ያንገበግባል። ጎን ጋጣ ፈረስ ያሳደሩ አንድ አዛውንት አይተውን ከመኪናቸው ሁለት ከረጢት አወረዱልን፣ ገንዘብም እምቢ አሉ። «ለእሷ ነው» አሉኝ ግንባሯን እየደባበሱ።

ፍሎሪዳ እንደገቡ፣ ዩሊ ሳይደርሱ፣ የግብርና ፍተሻ ጣቢያ አለ፤ እንስሳ የጫነ ሁሉ መቆም ግዴታው ነው። የሚጠየቀው ከ12 ወር ያልበለጠ የኮጊንስ (ተላላፊውን የፈረስ ደም ማነስ የሚለይ የደም) ምርመራ ውጤትና ከ30 ቀን ያልበለጠ የሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ምልክትና የእግሯ ነጭ በወረቀቱ እንደተጻፈው መሆኑን ከቤት ሳይወጡ ማየት ይበጃል። 10 ደቂቃ አልፈጀብንም። ከጃክሰንቪል በኋላ 301 መንገድን ይዘን በስታርክና በዋልዶ አልፈን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ኦካላ ገባን። ቀኑ ሞቃት ነው፤ ሌሊት ግን ውርጭ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ ስስ ልብስ አይቀርም።

የሳንባው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታየው በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ለካሁ፤ ከ38.3 ዲግሪ ካለፈ ሐኪም ይጠራል። የእሷ 37.8 ላይ ጸና። እነዚያን ቀናት በእጅ እየተመራች ተራመደች፤ በአራተኛው ቀን ሶምሶማ ጀመረች። ጥልቅ አሸዋ ጅማት ስለሚጎትት ግልቢያውን ለሁለት ሳምንት አቆየነው።

የኦካላ አሸዋ ሌላም ጣጣ አለው፤ ከመሬት ሲበሉት አንጀት ውስጥ ተጠራቅሞ ቁርጠት ያመጣል። ስድስት እንክብል ፋንድያ በረጅም የሐኪም ጓንት ከትቼ፣ ውሃ ሞልቼ፣ በጥብጬ ሰቀልኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የጓንቱን ጣቶች ስጨብጥ አሸዋው ኮርኮር አለኝ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይሆናል። የዚያኑ ዕለት ድርቆሹ ሥር የላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈ።