ካርኒ ፍለጋ

ከቀትር ጀምሮ ይዘንባል። መብራት ሄዷል። ነሐሴ ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነኝ፤ ምንም ሳይጎድልብኝ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል፤ የሚያስለቅስ ነገር ግን የለም።

እህቴ ት. ጠዋት ደውላ ነበር። የዕድሩን የድሮ መዝገብ አይጥ በልቶታል አሉ። አዲሱ ጸሐፊ ደግሞ «አባታችሁ የከፈሉበትን ካርኒ አምጡ» ብሏታል። «አንቺ ጋ ነው ያለው፤ ሳምሶናይቱ ውስጥ ፈልጊ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት መቼም አይከብደኝም።

ማታ በሻማ ሳምሶናይቱን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ታውቁታላችሁ፣ ያ ቡናማው። ባለ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። አባዬ ቁልፍ ይወድ ነበር እንጂ ምስጢር አልነበረውም። ወይም እኔን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ውስጡ የሌለ ነገር የለም። የክትባት ካርዳችን። የእኔ የአራተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፤ ደረጃዬ በምላጭ ተፍቋል (ማን እንደፋቀው አልናገርም)። የዕቁብ ደብተር። ከሞተ ሃያ ዓመት ያለፈው ሬዲዮ የዋስትና ወረቀት። ከዚያ በጥቅል በጥቅል የታሰሩ የግድግዳ ካላንደሮች። እነዚህ የእማዬ ናቸው። የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ወረቀት አይጣልም ባይ ናት። አይቀደድም፣ ዕቃ አይጠቀለልበትም፣ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዓመቱ ባለቀ ቁጥር ይጠቀለልና እዚህ ይገባል። የ1994 ጥቅምት ቁጭ ብሏል። ቀኖቹ ካለፉ ቆይተዋል፤ እሷን ተጠግተው ይኖራሉ።

ጥቅሉን እንደያዝኩ ግኒዛ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ሙሉ ስለዚህ ነገር እያወራሁ እንዳሰለቸኋችሁ አውቃለሁ። ላመለጠው ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ነው። በአይሁድ ልማድ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ወረቀት አይጣልም፣ አይቃጠልም። ሲያረጅ ለብቻው ይቀመጥና በኋላ እንደ ሰው መቃብር ይወርዳል። እስከዚያ የሚቆይበት ቦታ ግኒዛ ይባላል። «መገነዝ» ከሚለው ቃላችን ጋር እኔ ጆሮ ላይ ዘመዳሞች ናቸው። ወረቀት ይገነዛል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ለእማዬ ነግሬያት ነበር፤ ምንም አልገረማትም።

አሮጌው ካይሮ፣ ፉስጣጥ በሚባለው ሰፈር፣ ቤን ዕዝራ የሚባል ምኩራብ አለ። የዚህ ምኩራብ ግኒዛ መግቢያው ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተከፈተ ቀዳዳ ነበር። በመሰላል ትወጣለህ፣ ወረቀቱን ወደ ውስጥ ትወረውራለህ፣ ትወርዳለህ። የፉስጣጥ ሰዎች እንዲህ እየወረወሩ 1,000 ዓመት ገደማ ቆዩ። መቅበሩ ግን ተረሳ። የግብፅ አየር ደረቅ ስለሆነ ወረቀቱም አልበሰበሰም። ሊቃውንቱ በክብር ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ስንፍናም ያለበት ይመስለኛል። «ከበዓል በኋላ እንቀብረዋለን» ሲባል፣ ሲባል፣ አንድ ሺህ ዓመት አለፈ። እኛ ቤት ቢሆን ያለምንም ጥርጥር እንደዚያ ነበር የሚሆነው።

የሚገርመው የወረወሩት ነገር ነው። በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ከሆነ ሁሉንም ይወረውሩታል። የሚናገሩት ዐረብኛ ነው፤ የሚጽፉት ግን በዕብራይስጥ ፊደል። እኛ ቴሌግራም ላይ አማርኛን በፈረንጅ ፊደል እንደምንጽፈው በሉት። በዚህ ምክንያት ከኦሪቱና ከጸሎቱ ጋር የገበያ ዝርዝር ገባ። የጋብቻ ውል፣ የፍቺ ወረቀት፣ የብድር ሂሳብ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ገባ። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ቀለም የቀባበት ደብተር ሳይቀር ገባ። ሁሉም በአንድ ላይ፣ ልክ እንደ ሳምሶናይቱ።

እንዴት እንደተገኘ ደግሞ ለብቻው ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 አግነስ ሉዊስ እና ማርጋሬት ጊብሰን የሚባሉ ስኮትላንዳውያን መንትዮች ነበሩ። ሁለቱም ባሎቻቸው ሞተውባቸዋል፤ ሁለቱም ሱርስትና ዐረብኛ ያነባሉ፤ በግመል በረሃ እያቋረጡ የብራና መጽሐፍ ያድናሉ። (እኔና ት. አንድ ካርኒ ማግኘት አቅቶናል።) ከምሥራቅ ገዝተው ካመጧቸው ቁርጥራጮች አንዱን ካምብሪጅ ለሚያስተምረው ለሰለሞን ሼክተር አሳዩት። እሱም ወስዶ መረመረው። የሲራክ መጽሐፍ ነበር፤ በዕብራይስጥ።

ሲራክን እኛ እናውቀዋለን፤ ከ81ዱ አንዱ ነው። እማዬ ምላሴን ልትቆርጠው ስትፈልግ የምትጠቅሰው እሱን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 180 ገደማ ኢየሩሳሌም ውስጥ በዕብራይስጥ ተጻፈ። የልጅ ልጁ ግብፅ ወርዶ ወደ ግሪክኛ መለሰው። ትርጉሙ ዓለምን ዞረ፣ እኛም ዘንድ ደረሰ፤ ዕብራይስጡ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ከዓይን ጠፍቶ ነበር። ለካ የፉስጣጥ ሰው ከሽንኩርት ሂሳብ ጋር ወርውሮት ተቀምጧል። ሼክተር በዚያው ዓመት መጨረሻ ካይሮ ሄደ። በአቧራው እየተሳለ ሳምንታት ቆየ፤ የመጻሕፍት የጦር ሜዳ ነው አለ። ወደ 190,000 የሚደርስ ቁርጥራጭ ይዞ ተመለሰ።

ሲራክ 44ኛው ምዕራፍ ላይ ስመ ጥር አባቶችን ማመስገን ይጀምርና መሐል ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል። መታሰቢያ የሌላቸውም አሉ ይላል፤ እንዳልተወለዱ ሆነው የጠፉ። ይህን የጻፈው ሰው መጽሐፉ ራሱ ከእነዚያ ሰዎች ዕዳና ደብዳቤ ጋር ተደባልቆ እንደሚተኛ ምን ያውቃል።

የአይሁድ ታሪክ ሲባል ዓመት በቃል መያዝ ነው የሚመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አፈረሱ። በ1099 መስቀላውያን ኢየሩሳሌምን ያዙ። በ1492 ከስፔን ተባረሩ። ለፈተና የሚያዝ፣ ከፈተና በኋላ የሚረሳ። ግኒዛ ውስጥ ግን 1099 ማለት የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከአስቀሎና ሽማግሌዎች የተላከ ደብዳቤ አለ። ከኢየሩሳሌም የተማረኩትን ሰዎች በገንዘብ እያስለቀቅን ነው፣ ተበድረን ነው፣ እርዱን ይላል። ሰው ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍም አስለቅቀዋል። 230 የኦሪትና የነቢያት ጥራዝ፣ 100 ሌላ መጽሐፍ፣ 8 የኦሪት ጥቅል ብለው ቆጥረው ጽፈዋል። ከተማ ጠፍቶ፣ ዘመድ አልቆ፣ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ይቆጥራሉ። እኔ ዓመቱን ከዚህ በኋላ አልረሳሁትም።

ግን እኔን የያዘኝ ይሄ አልነበረም። የዳዊት ደብዳቤ ነው።

ሙሴ ቤን ማይሞንን ሰምታችኋል፤ ፈረንጆቹ ማይሞኒደስ የሚሉት፣ ፈላስፋው፣ ሐኪሙ። ኮርዶባ ተወልዶ፣ በስደት ተንከራቶ፣ መጨረሻ ፉስጣጥ የገባው። ዳዊት ታናሽ ወንድሙ ነው። ዳዊት ይነግዳል፣ ሙሴ ያነባል። ቤቱ የሚኖረው በዳዊት ነው። እ.ኤ.አ. 1170 ገደማ ዳዊት ከላይኛው ግብፅ ተነስቶ፣ ሲራራ ሳይጠብቅ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ብቻ በረሃውን አቋርጦ ቀይ ባሕር ዳር ዓይዛብ የሚባል ወደብ ደረሰ። ከዚያ ለወንድሙ ጻፈ። ካለማወቅ ነው ይህን ያደረግነው፣ እግዚአብሔር አተረፈን ይላል። ከሲራራው ጋር የመጡት ተዘርፈው፣ ቆስለው፣ በውሃ ጥም ሰው ሞቶባቸው ደረሱ ይላል። ወደቡ ላይ ከሰማያዊ ማቅለሚያ በቀር የሚገዛ ዕቃ አጣሁ፤ ከዚያ በረሃ ከተረፍኩ ባሕር ምን ያደርገኛል፣ ህንድ ልሻገር ነው ይላል። ቤት ያሉትን አጽናና፣ እንዳታስደነግጣቸው ይላል፤ ባለፈ ነገር ላይ ወደ እግዚአብሔር መጮህ ከንቱ ጸሎት ነውና።

ዳዊት ህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሰጠመ።

ሙሴ አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ዋለ። ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላም ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ አልተጽናናም። በጉልበቴ ላይ ነው ያደገው፣ ወንድሜም ተማሪዬም ነበር ይላል። የእጅ ጽሑፉን ወይም ደብዳቤውን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይገለበጣል ይላል። የዚያን ሁሉ መጽሐፍ ደራሲ ያሸነፈችው አንዲት የእጅ ጽሑፍ ናት። የዳዊት ደብዳቤ ደግሞ ዛሬም ካምብሪጅ አለ። ያየው ያንኑ ይሆን? አውጥቶ አይቶ፣ መልሶ አጥፎ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ወረወረው?

እዚህ ላይ ሳለሁ ነው የአባዬን ወንድም፣ የጋሼ እ.ን ደብዳቤ ያገኘሁት።

ከካላንደሮቹ ሥር ነበር። ሁለት ገጽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ከፖርት ሱዳን፣ 1973 ዓ.ም.። በሰው እጅ የተላከ። ከሁሉ አስቀድሞ ለከበረው ጤንነትህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብሎ ይጀምራል። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው፤ የግኒዛ ደብዳቤዎችም እንደዚሁ ናቸው፣ ምርቃቱ ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ከዚያ ከመተማ በኋላ ስለሄደበት መንገድ ሦስት መስመር። ከዚያ፦ ለእማማ ባሕር ልሻገር መሆኑን እንዳትነግራት፣ ሥራ ይዟል በላት።

ዓይዛብም ፖርት ሱዳንም የዚያው የቀይ ባሕር ዳርቻ ናቸው። ሻማዋን ጠጋ አደረግኋት።

ጋሼ እ. ግን አልሰጠመም። ጂዳ ደረሰ፣ ከጂዳ ሌላ አገር ተሻገረ፣ ወፈረ። በቤቱ ነገር ከአባዬ ጋር መጣላታቸውን ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። አባዬ በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት ስሙን አላነሳም። ሲሞትም ጋሼ እ. በስልክ ነው ያለቀሰው፤ እኛም ድምፁን ቀንሰን ነው የሰማነው። ከዚያ ወዲህ እኔም አልደወልኩም።

ታዲያ አባዬ ይህን ወረቀት ለምን አስቀመጠው? እያወጣ ያየው ነበር? ልቡ ይገለበጥ ነበር? እንዲህ እያልኩ ልቤ ሲሞቅ ገጹን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በአባዬ እጅ ሂሳብ ተሠርቷል። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ጋዝ፣ ድምር። አንድ ቦታ ተሳስቶ ሰርዞታል።

ፉስጣጥም እንደዚሁ ነበር፤ ወረቀት ውድ ስለነበር በአንዱ ደብዳቤ ጀርባ ሌላው ይጽፍበታል። ያ አያስደንቀኝም። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ማስቀመጥ እና አለመጣል አንድ ነው? አባዬ የወንድሙን ደብዳቤ ነው ያኖረው ወይስ የበርበሬ ሂሳቡን? ሂሳቡን የሠራው ደግሞ መቼ ነው? ገና ሲደርሰው ከሆነ ምን ያለ ልብ ነው። ከተጣሉ በኋላ ከሆነ ደግሞ… ጋዝ በዚያ ዋጋ ከተጣሉ በኋላ አልነበረም። ስለዚህ ገና ሲደርሰው ነው። ወንድሙ ባሕር ሊሻገር ነው፣ እሱ ቁጭ ብሎ ጤፍ ይደምራል። ወይስ ሊልክለት የሚችለውን ገንዘብ እያሰላ ነበር? ድምሩን ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ምንም አይልም። ድምር ነው።

ፎቶ አነሳሁት። ፊቱንም ጀርባውንም። የጋሼ እ.ን ስም ቴሌግራም ላይ አወጣሁ። «ጋሼ እንደምን ነህ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «ጋሼ፣ ይህን አባዬ ዕቃ ውስጥ አገኘሁ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። የፊቱን ብቻ ልላክለት ወይስ ጀርባውንም? ጀርባውን ሳይ የሳቅኩትን እሱም ይስቅ ይሆን? የፊቱን ብቻ ከላክሁ ደግሞ ግማሽ ውሸት አይሆንም? እናንተ ላይ ይህን ሁሉ ስዘረግፍ እጄ አልታሰረም፤ እሱ ጋ ስደርስ ግን ከ«ጋሼ» አላልፍም።

መብራት መጣ። ሻማውን ሳላጠፋ ክፍሉን ሳየው ወለሉ የለም፤ ወረቀት ብቻ ነው። የ1994 ጥቅምት እግሬ ሥር ናት። ስልኬ ጮኸ። ጋሼ እ. መስሎኝ ክው አልኩ፤ ምንም ሳልልክለት።

ት. ናት። «እሺ፣ አገኘሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።