ጥፋቱ የነበረው በራሴ ባልዲ ውስጥ ነው

ሥራዬ በየሰው ቤት እየዞርኩ የጨው ውሃ አኳሪየም መንከባከብ ነው፣ በተለይ ኮራል (ጠንካራ አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ያለባቸውን። ብዙ አሳዎች ትንሽ የውሃ መበላሸት ይችላሉ። ኮራል ግን ቶሎ ይታመማል።

አንድ 300 ሊትር ገንዳ ነበር። ባለቤቱ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ተቀምጠው ሲያዩት ይቆያሉ። አንድ ቀን ስሄድ ኮራሎቹ ተኮማትረው አገኘሁ። ስለካ ካልሲየም በሊትር 370 ሚሊግራም፣ ማግኒዚየም 1150፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ደግሞ በራሱ መለኪያ 6.6 ዲኬኤች ሆነ። ካልሲየሙን ወደ 420፣ ማግኒዚየሙን ወደ 1300 አካባቢ ነበር የማውቀው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከአልካሊኒቲ ስለሆነ «በልተው ጨርሰውት ነው» አልኩ። ሦስቱንም ቀስ እያልኩ ጨመርኩ፣ ሩብ ውሃም ቀየርኩ።

ባሰባቸው። እንደገና ቀየርኩ።

እትዬ «ልጄ፣ አንተ በሄድክ ማግስት ነው እኮ የሚብስባቸው» አሉኝ። እኔ ግን አዲስ ውሃ ሲገባ ትንሽ መደንገጥ ያለ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል፤ ገንዳውን በየቀኑ የሚያዩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የማየው።

በአራተኛው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ሄድኩ። የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አየና «ጨውስ?» አለኝ።

«35 ነው» አልኩት። በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ማለት ነው፣ ልክ እንደ ባሕር።

«በምን ለካኸው?»

ሪፍራክቶሜትሬን፣ የውሃ ጨው የምለካበትን መሣሪያ፣ ሰጠሁት። ከቦርሳው ጨዉ በትክክል 35 የሆነ መፈተሻ ፈሳሽ አወጣና አንድ ጠብታ አደረገበት። መሣሪያው 39 አነበበ።

ደነገጥኩ። ገንዳው 35 ሲለኝ የነበረው በእውነት 31 ገደማ ነበር ማለት ነው። መሣሪያውን በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ካስተካከልኩት ወራት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንገላታ ነው የከረመው። የምቀይረውን ውሃም ባልዲዬ ውስጥ ያዘጋጀሁት በዚያው መሣሪያ እየለካሁ ነው። እያዳንዱ የውሃ ለውጥ ጨዉን ይበልጥ ያቀጥነው ነበር፣ እትዬ ያዩትም ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹም ቢሆኑ ነግረውኝ ነበር። ማግኒዚየምን ኮራል ብዙም አይጠቀምበትም፤ እሱ ከሁለቱ ጋር እኩል ከወረደ ውሃው ራሱ ቀጥኗል ማለት ነው።

ጨዉን በአንድ ጊዜ መመለስ ሌላ ድንጋጤ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚተነውን 3 ሊትር ገደማ በንጹሕ ውሃ ከመሙላት ይልቅ፣ በትክክል በተለካ የጨው ውሃ እንዲሞሉት እትዬን ለመንኳቸው። ውሃው ሲተን ጨዉ ይቀራል፣ የምንጨምረውም ጨው አለው፤ 11 ቀን ያህል ወሰደ። ካልሲየሙ ግን እኔ ቀድሜ ስለጨመርኩበት 470 ደረሰ። መጨመሩን አቆምኩና ኮራሎቹ እስኪጠቀሙበት ተውኩት።

አሁን ያ መፈተሻ ፈሳሽ ከቦርሳዬ አይለይም፣ ገንዳውን ሳልነካ በፊት መሣሪያውን እፈትሻለሁ።

አንዱ ቅርንጫፋም ኮራል አልተረፈም፣ ነጭ አጽሙ ብቻ ቀረ። ሌሎቹ ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መከፈት ጀመሩ። ቀድመው ያዩትም፣ ደውለው የነገሩኝም እትዬ ናቸው።