ለሁሉም የተዘረጋ ማዕድ፦ የፋሲካና የቫይሳኪ መልእክት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሁዳዴን ጾማችሁ ለፈታችሁ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። በዓሉ የእናንተ ያልሆነ ወዳጆቼም፣ በያላችሁበት ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ።

ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። ሚያዝያ 6 ደግሞ በሕንድ ፑንጃብ ያሉ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ማለትም ሲኮች፣ ቫይሳኪ የሚባለውን በዓል ያከብራሉ። ወቅቱ የስንዴ አጨዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1699 አሥረኛው መሪያቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ አናንድፑር በተባለ ቦታ ኻልሳ የሚባለውን ማኅበር የመሠረቱት በዚሁ በዓል ነው። መጀመሪያ የገቡት አምስት ሰዎች ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ጨርቅ አታሚ፣ ፀጉር አስተካካይና ውኃ ቀጂ ነበሩ። በዚያ ዘመን አብረው የማይቀመጡ ሰዎች ናቸው። አምስቱንም ከአንድ ሳህን አጠጧቸው።

ፓቲያላ በምትባል የፑንጃብ ከተማ ለትምህርት ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለበዓል ወደ መንደሩ ይወስደኝ ነበር። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለዚያ መንደር ጉርድዋራ፣ ማለትም ስለ ሲኮቹ ቤተ ጸሎት ነው። አምሪትሳር ያለውን ወርቃማውን ቤተ መቅደስ በፎቶ ያላየ የለም። በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመግባል፤ ያስደንቃል። የእኔን ልብ የወሰደው ግን ትንሹ፣ የመንደሩ ነው።

መንደሩ ከሩቅ የሚታወቀው በባንዲራው ነው። ከስንዴው ማሳ በላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ምሰሶ ይታያል። ጫፉ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ሰንደቅ ይውለበለባል። መንገደኛ እሱን ካየ ምግብና ማረፊያ እንዳለ ያውቃል።

ቀጥሎ የምትሰሙት ድምፅ ማጉያውን ነው። ጎህ ሳይቀድ ጸሎት ይነበብበታል። ቀን ላይ ደግሞ የመንደሩ ጉዳይ ሁሉ በእሱ ያልፋል። የእገሌ ጎሽ ጠፍታለች፣ ያያት ይናገር። ነገ የሕፃናት ክትባት አለ። እገሌ አርፏል፣ ቤተ ዘመድ ይሰብሰብ። የእድር ጥሩምባ እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ገበሬዎች አዲሶቹን የእርሻ ሕጎች ተቃውመው ዴልሂ ዳርቻ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሲሰፍሩ፣ በብዙ መንደር ትራክተሩና ዱቄቱ የተሰናዳው በዚሁ ድምፅ ማጉያ ጥሪ ነው። መንግሥት ሕጎቹን እንደሚሽር ያስታወቀውም ኖቬምበር 19 ቀን 2021፣ የጉሩ ናናክ ልደት በተከበረበት ዕለት ነበር።

የጉርድዋራው ልብ ግን ወጥ ቤቱ ይመስለኛል። ላንጋር ይሉታል። ለመጣ ሁሉ በነፃ የሚቀርብ ማዕድ ነው። ሥሩ ከሃይማኖቱ መሥራች ከጉሩ ናናክ (1469–1539) ይመዘዛል። ሦስተኛው ጉሩ አማር ዳስ ደግሞ እሳቸውን ማግኘት የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ከሕዝቡ ጋር መሬት ተቀምጦ እንዲበላ አዘዙ። በዘመኑ ሕንድን ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት አክባር እንኳ ሊጎበኛቸው በመጣ ጊዜ ከተራው ሰው ጎን ተቀምጦ እንደበላ ሲኮች ይተርካሉ።

በመንደር ደረጃ ይሄን ሥራ የሚሠራው መንደርተኛው ራሱ ነው። ስንዴው ከየቤቱ ይዋጣል። ወተቱ በጠዋት በባልዲ ይመጣል። ሴቶች ክብ ሠርተው ሊጥ ያድቦለቡላሉ፣ ይዳምጣሉ። አንድ ሽማግሌ ከሰፊው የብረት ምጣድ አጠገብ ቁጭ ብለው ቂጣውን ያገላብጣሉ። ጢሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው ከመንደሩ ልጆች ጋር ይጫወታሉ። ውጭ ደግሞ ባለብዙ መሬት ገበሬ የሰው ጫማ ተቀብሎ ይደረድራል፤ አቧራውንም ይጠርጋል። ማንም አላዘዘውም። አገልግሎት ስለሆነ ብቻ ነው።

ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ራሳችሁን ትሸፍናላችሁ። ነጠላ ለምዶ ላደገ ሰው ይሄም አይከብድም። ምንጣፉ ላይ በረድፍ ትቀመጣላችሁ። አንድ ልጅ ቂጣ የሞላ ቅርጫት ይዞ ይመጣል። የሚቀበሉት ሁለት መዳፍ አጋጥሞ፣ ወደ ላይ ዘርግቶ ነው። ባለሥልጣንም ቢሆን እንደዚያው ነው። የምስር ወጡ ከባልዲ በጭልፋ ይጨለፋል። ሳህኑ እስኪጠራ ይበላል፤ ጨምር ካሉ ይጨመራል።

ሥጋ የለም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እኛ አገር ሠርግም ለቅሶም ሲኖር የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ ተብሎ ድስቱ ይለያል። ተከባብረን ለየብቻ እንበላለን፤ በዚህ መከባበር እኔም እኮራለሁ። ላንጋር ግን የማንም ሃይማኖት የማይከለክለውን አብስሎ፣ ሁሉንም በአንድ ረድፍ ያስቀምጣል። ሂንዱው አለ፣ ሙስሊሙ አለ፣ እኔም ነበርኩ። ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም።

ሞጋ በተባለ የፑንጃብ አውራጃ ቡላር የሚባል መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ አብዛኛው ሙስሊም ወደ ፓኪስታን ሲሄድ፣ በመንደሩ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። የድሮው መስጊድ ፈርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መንደርተኛው፣ ሲኩም ሂንዱውም ገንዘብ አዋጥቶ እንደገና ሊሠራው ተነሣ። የመሠረት ድንጋዩ በሚጣልበት ቀን ዝናቡ ወረደ። ሥነ ሥርዓቱ ሊሰረዝ ነበር። መንደሩ ወዲያው ጉርድዋራውን ከፈተ። የመስጊዱ ጅማሮ በሲኮች ቤተ ጸሎት ውስጥ፣ ላንጋር እየተበላ ተከበረ። ይሄን ዜና ሳነብ አለቀስኩ።

ደግሞ ሁሉም ነገር እንዲህ ያማረ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ጉሩዎቹ ካስት የሚባለውን የትውልድ ደረጃ ቢያወግዙም፣ በብዙ መንደር ዛሬም የባለመሬቶቹ ጉርድዋራ ሌላ፣ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ወገኖች ጉርድዋራ ሌላ ነው። የአስከሬን ማቃጠያ ቦታቸው እንኳ የሚለይበት መንደር አለ። ጃላንዳር ከተማ አጠገብ ባለችው ታልሃን መንደር እ.ኤ.አ. በ2003 የአንድ ቤተ ጸሎት አስተዳደር የማን ይሁን በሚል ግጭት ተነሥቶ ደም ፈስሷል። ያዋጣሁበት ወጥ ቤት ይቀበለኛል፣ ኮሚቴው ግን አያስገባኝም የሚል ሰው ብሶቱ እውነት ነው። ለአንድ መንደር አንድ ጉርድዋራ ይብቃ ብለው የሚታገሉ ሲኮች አሉ። እኔ ልቤ ከእነሱ ጋር ነው። ምክንያቱም ከመጀመሪያው የታሰበው ያ አንድ ሳህን ነበር።

በስደት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ በዓሉን በሥራ ወይም ብቻችሁን የምታሳልፉ፣ ዛሬ ከሁሉ በላይ የማስበው እናንተን ነው። ዱባይ ያላችሁ፣ ጀበል አሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ ትልቅ ጉርድዋራ አለ። ለንደን ያላችሁ ሳውዝሆል ሰፈር ወዳለው ጉርድዋራ ብቅ በሉ። ቤተ ክርስቲያን መድረስ ባልቻላችሁበት፣ ወይም ኪስ ባዶ በሆነበት ቀን፣ ሻሽ ጣል አድርጋችሁ ግቡ። ማን ነህ፣ ከየት ነህ፣ ምን ታመልካለህ የሚል የለም። ቁጭ በሉ፣ ሁለት እጃችሁን ዘርጉ፣ ብሉ። ስትጨርሱም ከፈለጋችሁ ሳህን አጠባው ላይ ተሰለፉ፤ ደስ ይላቸዋል።

ቫይሳኪን ለምታከብሩ፣ መልካም በዓል! ለሁላችሁም መልካም ፋሲካ ይሁንላችሁ።