ሦስት ቃል በፈረቃ መዝገብ ላይ

ያን ጠዋት ፈረቃ ስረከብ መዝገቡ ላይ የነበሩት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ናቸው፦ «ቼክ ቫልቭ ሊክስ»። የጻፈው የሌሊት ባልደረባዬ ወጥቶ ሄዷል። እኔም «ቫልቮቹ እንዳያፈሱ ፈትሽ» ማለቱ ነው ብዬ ያዝኩት። ትእዛዝ መሰለኝ።

የምሠራው የውሃ ፓምፕ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ፓምፖች አሉን፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ይሆናል። ደረቅ ጨርቅ ይዤ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ዞርኳቸው። ከቧንቧው ጋር የሚጋጠምበትን ፍላንጅ ዙሪያውን፣ ውሃ እንዳይወጣ የሚያግደውን ፓኪንግ፣ የብሎኖቹን ሥር ሁሉ ጠረግኩ። ጨርቁ ጠብታ አልነካውም። «ተፈትሿል፣ የሚያፈስ የለም» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩና ፈረምኩ።

እኩለ ቀን ላይ ፓምፕ የምንቀይርበት ሰዓት ደረሰና ተጠባባቂውን አስነሣሁት። ሞተሩ አጓራ፤ ወዲያው አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማ። ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዘው ኮፕሊንግ ተሰብሯል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ለካ ባልደረባዬ የጻፈው ሪፖርት ነበር። ቼክ ቫልቭ የአንድ ዕቃ ስም ነው፤ ውሃን ወደ ፊት የሚያሳልፍ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ደግሞ የሚዘጋ ቫልቭ። የተጠባባቂው ፓምፕ ቼክ ቫልቭ በደንብ አልዘጋ ብሎ ውሃ ወደ ኋላ ያሳልፋል ማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ፍሳሽ ደጅ አይወጣም፣ ጨርቅም አያርስም። የሚሠራው ፓምፕ የሚገፋው ውሃ በዚያው ተመልሶ ተጠባባቂውን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። ዘንጉ በመከለያ ስለተሸፈነ አላየሁትም፤ ድምፁንም የሌላው ፓምፕ ጩኸት ውጦታል። ወደ ኋላ እየዞረ ያለውን ዘንግ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት እንዲያዞር አደረግኩት። ኮፕሊንጉ ያንን አልቻለም።

የፈረቃ ኃላፊያችን አልተቆጡኝም። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ግሡ የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ቼክ ነዋ።»

«በምን ዐወቅህ?»

መልስ አጣሁ። ቃሉ «ፈትሽ» ማለት መሆኑን ስለማውቅና መጀመሪያ ላይ ስላገኘሁት እንጂ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

«ትናንት የሚል ጨምርበትና ዐረፍተ ነገሩን ወደ ኋላ ውሰደው። መልኩን የሚለውጠው ቃል ግሥ ነው» አሉኝ። ሞከርኩት፤ «ቼክ ቫልቭ ሊክት የስተርደይ» ሆነ። «ቼክ» ንቅንቅ አላለም፤ የተለወጠው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። «አሁን ግሡን ያዝና ምን? ብለህ ጠይቅ። ያፈሰሰው ምንድን ነው?» ቼክ ቫልቭ። ባለቤቱ እሱ ነበር።

ይህ ፈተና ብቻውን አይፈርድም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የኔም ንባብ በሰዋስው በኩል ስህተት የለውም። ትእዛዝ ከሆነ ግሡ «ቼክ» ነው፣ ባለቤቱም ያልተጻፈው «አንተ» ነው፤ ትናንትን ማዘዝ ስለማይቻል ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ ወደ ኋላ አልሄድም ይላል። ፈተናው የሚያሳየው ሁለት ንባብ መኖሩን ነው። ያን ጠዋት ይህን ባውቅ ኖሮ ጨርቅ ከማንሳቴ በፊት ስልክ አነሣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። በአማርኛ «ቫልቩ ያፈሳል» እና «ቫልቮቹን ፈትሽ» በምንም መንገድ አይምታቱም። ግሡ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ባለቤቱን በራሱ ላይ ተሸክሟል፤ «ን» ደግሞ ተሳቢውን ለይታ ታሳያለች። በእንግሊዝኛ ግን ያቺ አንዲት ኤስ ሁለት ሥራ አላት። ስም ላይ ስትገባ ብዙ ታደርገዋለች፤ ግሥ ላይ ስትገባ ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ መሆኑን ትናገራለች። «ሊክስ» ብዙ ፍሳሾች ነው ወይስ ያፈሳል? ቃሉ ራሱ አይነግርህም። «ቼክ»ም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ስም፣ አንዴ ግሥ።

የሚለየው ብዙዎቻችን በጥድፊያ የምንጥለው አርቲክል፣ ማለትም ከስም በፊት የምትገባው እንደ «ዘ» ያለች ትንሽ ቃል ናት። «ዘ ቼክ ቫልቭ ሊክስ» ቢል ሪፖርት ነው። «ቼክ ዘ ቫልቭስ ፎር ሊክስ» ቢል ትእዛዝ ነው። ከ«ዘ» በኋላ ስም እንጂ ግሥ አይጠበቅምና፣ የተቀመጠችበት ቦታ ስሙ ከየት እንደሚጀምር ይናገራል። ለአውሮፕላን ጥገና ሰነዶች ተብሎ የተዘጋጀው ሲምፕሊፋይድ ቴክኒካል እንግሊሽ የተባለው የአጻጻፍ ደንብ ይህን አጥብቆ ይዞታል። ለማሳጠር ተብሎ አርቲክል አይጣልም፤ የሥራ ትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ከ20 ቃላት አይበልጥም። «ቼክ» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያ ደንብ በስምነት እንጂ በግሥነት አይፈቀድም። ይህን ሳነብ የእኛን መዝገብ አይተው የጻፉት መሰለኝ።

ባልደረባዬ ሲሰማ በጣም አዘነ። «አንተ ዘንድ ግልጽ ነው ብዬ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ ቫልቭ ጋር ያደረ ሰው ሁለተኛው ንባብ እንዴት ይታየው?

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በእሱ እጅ «ድሬን ላይንስ ክሊር» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ትናንትን ጨመርኩበት፤ መልኩን የሚለውጠው ቃል የትኛው እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ። የማፍሰሻ መስመሮቹ ክፍት ናቸው እያለኝ ነው? ወይስ መስመሮቹን አፍስሰህ አጽዳቸው? እንቅልፍ ላይ እንደሚሆን እያወቅሁ ደወልኩለት።

«ግሡ የታለ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ክፍት ናቸው ነው ያልኩት። አር የሚለውን ረስቼዋለሁ፣ ጨምርልኝ» አለ።

በ«ላይንስ» እና በ«ክሊር» መካከል «አር» ብዬ ጻፍኩና ወደ ፓምፖቹ ወረድኩ።