በምልልስ የሚመሩ የወንጀል ልብ ወለዶችን ማንበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ታሪካቸውን ከተራኪው ገለጻ ይልቅ በገጸ ባሕርያቱ ምልልስ የሚያራምዱ የወንጀል ልብ ወለዶችን እየመረጥኩ አነብባለሁ። መጻሕፍቱ ሲገለጡ ቀላል ይመስላሉ፤ ንግግሩ አጫጭር ነው፣ ገጹም ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ተራኪው የማንንም ልብ ስለማይገልጥልን፣ ማን እንደሚዋሽና ማን እንደፈራ የመለየቱ ሥራ በአንባቢው ላይ ይወድቃል።

መነሻዬ ጆርጅ ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው «የኤዲ ኮይል ወዳጆች» ነው። ሂጊንስ በማሳቹሴትስ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የሠራ ሰው ነበር፤ መጽሐፉም ከሞላ ጎደል የቦስተን ወንጀለኞችና የሕግ ሰዎች ንግግር ነው። ገና በመክፈቻው ኮይል መሣሪያ ሊገዛ መጥቶ ለአንድ ወጣት ሻጭ የቆየ ታሪክ ያወራለታል። ኮይል ቀድሞ ያቀረበው መሣሪያ ከየት እንደመጣ ተደርሶበት ገዢው በመታሰሩ፣ ሰዎች መጥተው እጁን በመሳቢያ ውስጥ አስገብተው መሳቢያውን በርግጫ ዘጉበት። ንግግሩ ውስጥ አንድም የዛቻ ቃል የለም፤ ኮይል በሰዎቹ ላይ ቂም እንኳ የያዘ አይመስልም። ሆኖም ሻጩ «ያንተም ዕቃ እንዲህ ቢያስይዘኝ ምን እንደሚከተል ዕወቅ» የሚለውን መልእክት ይሰማል፤ አንባቢው ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ ኮይል ሌሎች የሚቀጡት እንጂ ራሱ የሚቀጣ ሰው አለመሆኑን ይረዳል። ምዕራፉን ደግሜ ሳነብ፣ ከርእስ የወጣ መስሎ የነበረው ወሬ የድርድሩ ዋና አካል መሆኑ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጭውውት በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ነገር መጻፍ ጀመርኩ፦ ተናጋሪው ምን ፈልጎ መጣ፣ ምንስ ይዞ ሄደ። ኮይል በኒው ሃምፕሻየር የሚጠብቀው ቅጣት እንዲቀልለት ከፌዴራል ወኪሉ ከፎሊ ጋር በሚነጋገርባቸው ምዕራፎች ላይ ይህ ዘዴ በጣም ረድቶኛል። ሁለቱ እንደ ወዳጅ ያወራሉ፤ ነገር ግን ኮይል አንድ መረጃ በሰጠ ቁጥር ፎሊ ሌላ ይጠብቃል፣ ዋጋውም እያደር ይወደዳል። መጨረሻውን ላላነበበ ሰው አልነግርም።

በመቀጠል ወደ ኋላ ተመልሼ የዳሺል ሃሜትን «የማልታ ጭልፊት» አነበብኩ፤ በመጽሐፍ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በፒንከርተን የግል ምርመራ ድርጅት የሠራው ሃሜት የመርማሪውን የስፔድን ሐሳብ አንድም ጊዜ በቀጥታ አይነግረንም። ስፔድ የሥራ ባልደረባው መገደሉን በስልክ እንደሰማ የምናየው ሲጋራ ሲጠቀልል ብቻ ነው። ደንበኛው ሆና የመጣችውም ሴት ስሟን እየለዋወጠች ትናገራለች፤ ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ላይ ማስታወሻዬ የሚያተኩረው በተባለው ነገር ላይ ሳይሆን ያው ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ሲባል በሚለወጠው ላይ ነው።

ተናጋሪው ሳይጠቀስ የሚረዝም ምልልስ ሲገጥመኝ ጮክ ብዬ አነብባለሁ። ይህ የማንን ተራ እንደያዝኩ ከማስታወስ በላይ፣ ጥያቄን በጥያቄ የሚመልሰውን ሰው በጆሮ ለመለየት ይጠቅማል። የዘመኑን የመንገድ ቋንቋ ግን በመጀመሪያው ንባብ መዝገበ ቃላት አላገላብጥለትም፤ ምት ይሰብራልና።

አሁን የያዝኩት ኤልሞር ሌናርድን ነው። ከሂጊንስ ብዙ እንደተማረ ራሱ የመሰከረ ደራሲ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተማቸው የአጻጻፍ ደንቦቹም ንግግርን ከ«አለ» በቀር በሌላ ግስ ማጀብን ይከለክላል። ደንቡ ለእርሱ ይሠራል፤ ለሁሉም ደራሲ ይሠራል ብዬ ግን አላምንም። የሌናርድ ልዩ ችግር ትረካው ራሱ የገጸ ባሕሪውን አነጋገር መዋሱ ነው፤ ጭውውቱ ካበቃም በኋላ ያ ሰው ለራሱ የሚናገር ይመስላል። በዚህ ምክንያት በማስታወሻዬ ላይ ሰውየው ራሱን ስለሚያታልልበት ነገር ሦስተኛ ዐምድ ጨምሬያለሁ።