ቀሴ ቤት ሳይኖረው ቤታችን ገባ

«እስስት? ቤት ውስጥ?» አለች እናቴ በስልክ። ከዚያ ዝም። ዝምታው ሲረዝምብኝ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። «ልጄ፣ ምን ቸግሮህ ነው?»

እውነቷን ነው። እኛ አገር እስስት የሚነሳው ሰው ሲታማ ነው። ጠዋት ያለውን ማታ የሚክድ ጓደኛ እስስት ነው። ወንበር ባየ ቁጥር አቋሙን የሚቀይር ፖለቲከኛ እስስት ነው። ገንዘብ አውጥቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ እስስት የሚያኖር ሰው እናቴ ሰምታ አታውቅም። እኔም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ልጅ እስካሳድግ ድረስ አልሰማሁም ነበር።

ጎረቤታችን የነበረ ሰው ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ እስስቱን ለአሥር ዓመቱ ልጄ ሰጠው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል። ማታ ስገባ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ የተበሳሳ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ባለቤቴ ኩሽናው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ምንም አላለችም። ባትልም ገባኝ።

ቬይልድ ካሜሊዮን የሚባለው ዓይነት ነው። አገሩ የመንና የሳዑዲ አረቢያ ደቡብ ምዕራብ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻገር ማለት ነው እንግዲህ። ይህን ስነግራት እናቴ ትንሽ ለዘብ አለች፤ ጎረቤት ነዋ። አናቱ ላይ እንደ ቁንጮ የቆመ አጥንት አለው። ወንድ መሆኑን ያወቅነው ከኋላ እግሮቹ ተረከዝ ላይ ባለች ትንሽ ጉጥ ነው። ሴቷ እሷ የላትም። ሴት ብትሆን ወንድ ሳያገኛትም እንቁላል ትጥላለችና፣ ቆፍራ የምትቀብርበት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ ማዘጋጀት ነበረብን። ከዚያስ ተርፈናል።

ስም ያወጣችለት እናቴ ናት። በቪዲዮ ሲራመድ አሳየናት። አንድ እግሩን ያነሳል፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛል፣ ያስባል፣ ያስቀምጣል። «ይሄስ እውነትም ቀስ በቀስ ነው» አለች። ቀሴ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የሠራሁለት ቤት እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። ዕቃ ቤት የተጣለ የዓሣ ገንዳ ነበረን፤ መስታወት ነው። አጠብኩት። አሸዋ አፈሰስኩበት፣ ሁለት የፕላስቲክ ዛፍ ተከልኩ፣ በትንሽ ሳህን ውኃ አስቀመጥኩ። ክዳኑን ከድኜ ከላይ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ጫንኩበት። አደጋ የሌለው ቤት ማለት ለእኔ የማያመልጥበት ቤት ነበር።

በማግስቱ ቀሴ ጠቆረ። አረንጓዴው ጠፍቶ ያረረ ቡና መሰለ። አፉን ከፍቶ፣ ጎኑን ነፍቶ፣ ከመስታወቱ ጋር ይፋጠጣል። እኔ ታመመ ብዬ ስደነግጥ ልጄ ነው የገባው። «አባዬ፣ ራሱን እያየ ነው» አለኝ። መስታወቱ ላይ ያየውን የራሱን ምስል ሌላ ወንድ እስስት አድርጎታል። እስስት ደግሞ ሌላ እስስት አጠገቡ እንዲኖር አይፈልግም፤ በአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው። ምስኪኑ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲጣላ ዋለ።

ውኃውንም አልቀመሰም። እስስት በሳህን የቆመ ውኃ ብዙም አይገባውም፤ የለመደው ከቅጠል ላይ ጠብታ መላስ ነው። አሸዋውም ቢሆን ከሚበላው ጋር ተውጦ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። አየሩም አይዘዋወርም። ያንን ቤት የሠራሁት ሶፋ ላይ ተቀምጬ ለማየት ነበር እንጂ ለእሱ አልነበረም።

ሁለተኛውን ገዛሁ። ዙሪያውን የአሉሚኒየም ወንፊት ነው፤ እዚህ 24 በ24 በ48 ኢንች እያሉ ይሸጡታል። ወደ 60 በ60 ሆኖ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላደገ ወንድ ከዚህ ያነሰ ባይሆን ይመረጣል። ዋናው ቁመቱ ነው። መጀመሪያ ወለል ላይ አስቀመጥነውና ሰው ባለፈ ቁጥር ይጠቁር ጀመር። ጠረጴዛ ላይ አውጥተነው ከራሳችን ከፍ ሲል ጊዜ ረጋ። ከላይ የሚመጣበት ነገር ጭልፊት ነው የሚመስለው። ሦስቱን ጎን በከፊል በሸራ ሸፈንኩለት፤ ውስጡ ደግሞ እውነተኛ ተክል አስገባሁ። ፖቶስና ሂቢስከስ ነው። የፕላስቲኩን ቅጠል አወጣሁት፤ ይሄኛው ዓይነት እስስት ቅጠል ይበላል፣ ፕላስቲክም ቢሆን ሊሞክር ይችላል።

እናቴ ቀለሙን የሚለውጠው ለመደበቅ ነው ብላ ትከራከረኛለች። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ቀሴ ሲበርደው ይጠቁራል፣ ሲናደድ ይደምቃል፣ ሲተኛ ይገረጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካሩን ዘመዱን አጥንተው፣ ቆዳው ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉና በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ ቀለሙ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። እኔ እንደ ቴርሞሜትር ነው የማየው። ጠዋት ጠቁሮ ፀሐይ ለመሞቅ ጎኑን ካዞረ ደህና ነው። ቀትር ላይ ከጠቆረ ግን የሆነ ነገር አለ።

ቦታውንም ቀይረናል። ሳሎን ነበር። እሑድ ባለቤቴ ቡና ቆላች፣ ዕጣን ጨሰ፣ ጭሱ ተንሳፍፎ በወንፊቱ ገባ። ቀሴ ሁለቱንም ዓይኑን ጨፈነ። እስስት ቀን ላይ ዓይኑን ከጨፈነ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ሳንባውም ጭስ አይችልም። ድርድር ተጀመረ። ቡናው እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን። ቀሴ ወደ ልጁ ክፍል ተዛወረ።

አሁን የሚያሳፍረኝ ጋ ደረስኩ።

እስስት ሁለት መብራት ያስፈልገዋል። አንዱ የሚሞቀው ነው። ሌላው ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር የሚሰጥ ረዥም ቱቦ ነው። ባለቤቴ «ፀሐይ በመስኮት ይገባ የለ?» ብላ ነበር። መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል። ለእናቴ ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም። «እንደ አራስ ልጅ ነዋ፣ በመስታወት አይሞቅም» አለች ወዲያው። እውነትም አንድ ነው። ቆዳው ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዚያ ጨረር ነው፤ ካላገኘ ካልሲየሙን አይጠቀምበትም፣ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል።

ቱቦውን በትክክል ገጠምኩ። የሚሞቀው አምፖል ላይ ነው የተሳሳትኩት። መመሪያው ላይ የሚሞቅበት ቅርንጫፍ ከጣሪያው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ይላል። በሜትር ለክቼ አራቅሁ። ቴርሞሜትሩን ቅርንጫፉ ላይ አሰርኩ፤ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። አምፖሉን ግን ወንፊቱ ላይ በቀጥታ አስቀመጥኩት።

ቀሴ ቅርንጫፉ ላይ አልቆየም። ጣሪያው ራሱ ወንፊት ነው፤ ወንፊት ለእሱ መሰላል ነው። ወጥቶ ተገልብጦ ተንጠለጠለ፣ ልክ ከአምፖሉ ሥር። ሙቀት ደስ ይለዋል፤ መቃጠሉን ግን ቶሎ አያውቀውም። ማታ ስናየው የቁንጮው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ነበረች። ሌላ ቀለም ማሳያ መስሎን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ነጥቧ ጠቆረች፣ ዙሪያዋ ተኮማተረ።

የሚሳቡ እንስሳት ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ አንድ ጊዜ አየችውና «አምፖሉ የት ነው ያለው?» አለች። የእንስሳውን ዕድሜ ሳትጠይቅ አምፖሉን። ብዙ አይታለች ማለት ነው። የቃጠሎ ቅባት ሰጠችን። ልጄ በየቀኑ በጥጥ ጫፍ ይቀባዋል፣ ቀሴ በአንድ ዓይኑ እሱን፣ በሌላው እኔን እያየ እፉ ይላል። የእኔ ዓይን ግን ሁለቱም መሬት ላይ ነበር። ሳምንታት ፈጀ። ዳነ፤ የቁንጮው ጫፍ ግን እስከ ዛሬ ትንሽ ጎደሎ ነው።

አሁን አምፖሉ በሰንሰለት ተሰቅሏል፣ ከወንፊቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። በዲመር እቀንሰዋለሁ። የምለካውም ቅርንጫፉን ብቻ አይደለም፤ ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ ነው። የእጄን ጀርባ ከጣሪያው ሥር አድርጌ አምስት ደቂቃ እቆያለሁ። እኔን ካቃጠለኝ እሱን ያቃጥለዋል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ቴርሞሜትሩ ያሰራችሁበትን ቦታ ብቻ እንደሚነግራችሁ ለማለት ነው። ማታ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል። ክፍሉ 18 ዲግሪ ቢደርስም አይጎዳውም፣ እንዲያውም ቀዝቀዝ ሲል ነው ደህና የሚተኛው።

የውኃው ነገር ደግሞ ከሰው ጋር ሊያጣላን ነበር። ጠዋት መብራቱ ሳይበራና ማታ ለሁለት ሁለት ደቂቃ ውኃ እንደ ጉም የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ በታይመር ገጠምኩ። ቀን ላይ ከላይ የተቀመጠ ዕቃ ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ያ ሁሉ ውኃ የት እንደሚሄድ ግን አላሰብኩም። በአራተኛው ቀን ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሴትዮ በራችንን አንኳኳች፤ ኮርኒሷ ላይ የቡና ስኒ የምታህል እድፍ ወጥታለች። ይቅርታ ጠይቄ ቀለም ቀባሁላት። ከዚያ የቀሴን ቤት ወለል በስቼ ሥሩ ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ አደረግሁ፤ ልጁ በየሁለት ቀኑ ይደፋል።

ውኃ ባለበት ደግሞ ኤሌክትሪክ አለ። የአምፖሎቹ ገመድ ከቤቱ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ሶኬት ይገባ ነበር፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ መድረሻው ሶኬቱ ነው። አሁን ገመዱ መጀመሪያ ከሶኬቱ በታች ተንጠልጥሎ ነው ወደ ላይ የሚመለሰው። ጠብታው እዚያ እጥፋቱ ላይ ይወድቃል። አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው። ሶኬቱም ውኃ ሲነካው ራሱ የሚያጠፋው ዓይነት ነው።

በቂ ውኃ ማግኘቱን የምናውቀው ከኩሱ ነው። አብሮ የሚወጣው ደረቅ ሽንት ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ብርቱካንማ ከሆነ ጠምቶታል። ልጄ ይህን ቁርስ ላይ ማውራት ይወዳል።

ምግቡን በተመለከተ ባለቤቴ ያለችውን ልንገራችሁ። «በረሮ በገንዘብ ትገዛለህ? አገር ቤት ስንት ዓመት የፈጀሁትን?» ዱቢያ የሚባል በረሮ ነው፤ ለስላሳ ወለል ላይ አይወጣም፣ አይበርም። ክሪኬት የሚባለውን ፌንጣም እንሰጠዋለን። ካልሲየም ዱቄት ላይ አንከባልለን በኩባያ ነው የምናቀርብለት። መጀመሪያ ዝም ብለን እንለቅለት ነበር። ያልተበሉት ፌንጣዎች ማታ ተኝቶ ሳለ እግሩን ነከሱት። ሁለቱ ደግሞ አምልጠው ከፍሪጅ ኋላ ሳምንት ሙሉ ዘመሩ። ከውጭ ተይዞ የመጣ ነፍሳት አይገባም። በተለይ ሰኔ ላይ ማታ ማታ ሜዳው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋ ጥንዚዛ። ልጄ ሁለት በጠርሙስ ይዞ «ለቀሴ» ብሎ ሲመጣ በሩ ላይ ነው ያስቆምኩት። ውስጧ መርዝ አለ፤ አንዷ ብቻ እስስት ልትገድል ትችላለች።

ቀሴን ወይም ቤቱን የነካ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ የሚሳቡ እንስሳት ሳልሞኔላ ይይዛሉ። ይህ ሕግ በባለቤቴ የወጣ ነው፣ ይግባኝ የለውም።

ዩቪቢው ቱቦ በየዓመቱ ይቀየራል። ነገሩ አሳሳች ነው፤ መብራቱ እንደበራ ይቀጥላል፣ ጨረሩ ግን እየተዳከመ ይሄዳል፣ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ልጄ ቱቦው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ቀኑን ጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚማረውን አማርኛ ሊያሳየኝ «አባዬ መብራት ግዛ» ሊል ፈልጎ «ግ»ን «ገ» አድርጓታል። «አባዬ መብራት ገዛ» ይላል። የሚቀየርበት ቀን ሦስት ሳምንት አልፎታል።